ወፍ ዘራሹን ከመንቀልዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ ውስጥ ወደሠራነው ቤት ገባን። ግንቦት ላይ አንድ ሲኖትራክ ቀይ አፈርና ጥቂት ጆንያ ፍግ አስመጥተን፣ 60 ካሬ ሜትር በምትሆነው ክፍት ቦታ ላይ ጽጌረዳ፣ ዳሊያና ሮዝ ቀለም ያለው ሀይድራንጃ ተከልን። አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግቢው የማናውቀው ጫካ ሆኖብናል። ቢጫ አበባ በየቦታው ወጥቷል፤ አደይ ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚልም አለ። ሮዝ አደይ የሚመስልም አለ። ሲመሽ የሚፈካ ነጭ ጥሩምባ የመሰለ አበባ አለ፤ ልጆቹ በጣም ወደውታል። ዱባ በራሱ በቅሎ አጥሩን ይዞታል፤ አበባው ግን ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ሀይድራንጃችን ሰማያዊ ሆነ፤ በአጥሩ በኩል ያለው ጎኑ ግን ወይን ጠጅ ነው። ዳሊያው አብቦ ወደቀ፤ ጽጌረዳው ደግሞ ጭራሽ አላበበም። አትክልተኛ ጠርቼ ከእንቁጣጣሽ በፊት ሁሉንም ላስጸዳ ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ሁሉንም አያስጸዱ። አንዱን ግን ዛሬውኑ ያስወግዱ፤ እርሱም ልጆችዎ የወደዱት ነጭ ጥሩምባ ነው። ቅጠሉን ይመልከቱት፦ ሰፊ ሆኖ ጠርዙ ወጣ ገባ እያለ የተጎራረደ፣ ሲታሽም የሚከረፋ ከሆነ፣ አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ የሌለበት ክፍል የለውም። በውስጡ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ አትሮፒን ሲሆን፣ የዓይን ሐኪም የዓይን ብሌንን አስፍቶ ለማየት የሚጠቀምበት መድኃኒት ነው፤ በመሆኑም ተክሉን በነካ እጅ ዓይንን ማሸት ብቻ ብሌንን አስፍቶ ለሰዓታት እይታን ሊያደበዝዝ ይችላል። የተበላ እንደሆነ ጉዳቱ ከዚህ እጅግ የከፋ ነው፦ አፍ ይደርቃል፣ ፊት ይቀላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውየው የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል። ሕፃን ልጅ ቀምሶት ከተገኘ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ የተክሉን ቅርንጫፍ በፌስታል ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ለመንቀል አሁን ምቹ ጊዜ ነው፤ አፈሩ በዝናብ ስለላላ ከነሥሩ ይመጣል። ጓንት ከሌለዎት እጅዎን በፌስታል ጠቅልለው ይሥሩ፤ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ዋናው ነገር ፍሬው ሳይደርቅ መቅደም ነው። ፍሬው የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን እሾህ የለበሰ ሲሆን፣ ሲደርቅ በአራት ተሰንጥቆ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ያ ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዘንድሮ አንድ ፍሬ ብታመልጥዎ ልጆችዎ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ በየክረምቱ ሲነቅሉ ይኖራሉ። የተነቀለውን ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት፤ ጭሱም ጤናማ ስላልሆነ አያቃጥሉት። በወፍራም ፌስታል አሥረው ከቆሻሻ ጋር ያስወግዱት።

አሁን ወደ ቀሪዎቹ እንምጣ። እንዲህ ሳይተከል የሚበቅለውን አማርኛችን ወፍ ዘራሽ ይለዋል። ወፏ ግን በእርስዎ ግቢ ያለባት ድርሻ ትንሽ ነው። ዋናው ዘሪ ሲኖትራኩ ነው። ከየትኛውም ሜዳ ወይም ኮረብታ የተዛቀ የላይ አፈር የዓመታት ዘር አምቆ ይይዛል፤ ከእነዚህ ዘሮች ብዙዎቹ ደግሞ ጠልቀው በተቀበሩበት ጨለማ እንቅልፍ ላይ የሚቆዩና ብርሃን ሲነካቸው ብቻ የሚነቁ ናቸው። አፈሩ ተዛቀ፣ ተጫነ፣ ግቢዎ ውስጥ ተገለበጠ፤ ስለዚህ ታችኛው ወደ ላይ ወጣ፤ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጨመርበት ሁሉም በአንድ ጊዜ በቀለ። ፍጉም የራሱን አምጥቷል። በሚገባ ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ውስጡ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ለቀናት የሞቀ ብስባሽ አብዛኛውን ዘር ይገድላል፤ በጆንያ የሚሸጠው ፍግ ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጂ የበሰበሰ አይደለም። አስተናግሩ በዚያ በኩል እንደገባ እጠረጥራለሁ። ዱባውን ደግሞ የዘራችሁት እናንተ ራሳችሁ ናችሁ፤ ከወጥ ቤት የወጣ ልጣጭና ፍሬ አጥሩ ሥር የተደፋበት ቀን ሳይኖር አይቀርም።

ስለ ቢጫው አበባ። ጠባችሁ ተገቢ ጠብ ነው፤ በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት ቢጫ ከሚያብቡት መካከል ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉና። አንዱ አደይ አበባ ነው። በነገራችን ላይ አደይ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም፤ ሳይንሱ ቢደንስ ብሎ በሚጠራው ወገን ውስጥ ያሉ ሁለት ሦስት የሚመሳሰሉ ዝርያዎችን ሕዝቡ ሁሉንም አደይ ይላቸዋል። ሌላው መጭ ነው፤ መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ገበሬው በማሳው ውስጥ እንደ አረም የሚያርመው ነው። አበባቸውን እያነጻጸሩ አይድከሙ። ቅጠላቸውን ይያዙ። የአደይ ቅጠል ከጠርዙ እስከ መሐሉ ድረስ ተሰነጣጥቆ ስስና ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ከጣት መሐል ሲያልፍም ብዙም አይሰማም። የመጭ ቅጠል ግን አንድ ወጥና ሳይከፋፈል ረዘም ያለ ነው፤ አንገት ሳይኖረው ግንዱ ላይ ተለጥፎ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል ይዘው ቢያሹት እንደ ላም ምላስ ይሻክርዎታል። ይህን አንዴ በጣቱ የለየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

ሁለቱም በግቢዎ ካሉ፣ አደዩን ይተዉ፣ መጩንም ቢሆን ጥቂቱን ቢተዉት አይጎዳዎትም። ንቦች ሁለቱንም ይወዳሉ፤ በደጋው አገራችን ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚውለው ከክረምቱ ማግስት በሚፈካው በዚህ ቢጫ አበባ ምክንያት ነው። እኔ ራሴ ሙያውን ከመማሬ በፊት፣ በተከራየሁት የመጀመሪያ ቤት፣ ጳጉሜን ላይ «ለበዓል ግቢ ላጽዳ» ብዬ በዶማ የገባሁበትን መሬት አስታውሳለሁ። እንቡጡ ገና አረንጓዴ ስለነበረ አረም መስሎኝ አንድም ሳላስቀር ገረፍኩት። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የጎረቤቴ አጥር ሥር ቢጫ ሲለብስ የእኔ ግቢ ባዶ ቀይ አፈር ነበረ፤ ለደመራ የሚታሰር አደይም ከእነርሱ ለምኜ ወሰድኩ።

ስለዚህ ስለ ጊዜው ጥቂት ልበል፤ የጥያቄዎ ዋና ጉዳይ እርሱ ይመስለኛልና። ከእንቁጣጣሽ በፊት ማጽዳት ማለት አበባው ሊወጣ ሲል መቁረጥ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት ደመናው ስለሚከብድ ፀሐይ በግልጽ የምትታየው በቀን በአማካይ 3 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ተክል በዚህ ወቅት ውሃ ሞልቶታል፤ ብርሃን ግን ጎድሎታል። ቅጠሉንና ግንዱን ያሳድጋል፤ ለአበባ ግን የሚበቃ ስንቅ አይዝም። ዝናቡ ቀጠን ሲል፣ ሰማዩ ሲገለጥ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲሰበሰብ የቆየው ጉልበት ወደ አበባ ይዞራል። አባቶቻችን ክረምትን እስከ መስከረም 25 ቆጥረው ከመስከረም 26 መጸውን የጀመሩት፣ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያው ቀን እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌ ያለችው ይህን አይተው ነው። እንቁጣጣሽ የአበባው መባቻ እንጂ ሙላቱ አይደለም።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ የቀኑ ርዝመት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በሰኔ ረጅሙ ቀንና በታኅሣሥ አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኛ ሰዎች ልብ አንለውም፤ ብዙ የሐሩር አካባቢ ተክሎች ግን ይቆጥሩታል። መስከረም 12 ወይም 13 ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆኑና ከዚያ በኋላ ሌሊቱ እየረዘመ ይሄዳል፤ ሌሊት ሲረዝም ማበብ የሚቀናቸው ተክሎች አበባቸው ያን ጊዜ ይበረታል። ከእነዚህ አንዱ ሮዝ አደይ ያሉት ነው።

እርሱ አደይ አይደለም፣ ከአደይ ጋር ተዳቅሎ የተገኘም አይደለም። ኮስሞስ ይባላል። ቤተሰባቸው አንድ ስለሆነ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ቅጠሉ ግን እንደ ድር የቀጠነ፣ እንሰላልን የሚያስታውስ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ በአትክልት ስፍራ ተተክሎ ከዚያ አምልጦ በየመንገዱ ዳር ከለመዱት መጤዎች አንዱ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ዳሊያዎም ከሜክሲኮ ደጋ ነው፣ አስተናግሩም ሳይቀር መነሻው ወደዚያው አህጉር ነው፣ ዱባም እንዲሁ። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። የሜክሲኮ ዋና ከተማ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስትሆን፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዝናቡም እዚያ እንደ እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይበረታል። ለዚያ ተክል የእርስዎ ግቢ ባዕድ አገር አይደለም፤ ሰዓቱን ሳያስተካክል የሚኖርበት ቤቱ ነው። አበባ ሻጮች «ይሄ ከውጭ የመጣ ነው፤ አይለምድም» ሲሉ ስሰማ ሁልጊዜ «ከየትኛው ውጭ?» ማለት ያምረኛል፤ ከሜክሲኮ ደጋና ከሆላንድ የመጣ እኩል መጤ አይደለምና።

ዳሊያው የወደቀው ታሞ አይደለም። አበባው ድርብርብ ስለሆነ የዝናብ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ ግንዱ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ውሃ የጠጣ አበባ የተሸከመ ባዶ ግንድ ሲሰበር ሊያስገርመን አይገባም። የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ከግንዱ ስንዝር ያህል ርቆ ይትከሉ፤ ሥሩ ድንች መሰል ጓል ስላለው በጣም ተጠግተው ከወጉ ጓሉን ይበሱታል። ግንዱን በጨርቅ ቁራጭ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ያስሩ። የጠወለገውን አበባ ሳይውል ሳያድር ይቁረጡ፤ አለበለዚያ ተክሉ ኃይሉን ለዘር ያውላል። እንዲህ ካደረጉ እስከ ኅዳር ድረስ ያብባል። አውሮፓ ያሉ ሰዎች ውርጭ ስለሚገድልባቸው በየዓመቱ ጓሉን ቆፍረው ያወጡታል፤ የእርስዎ ግን አፈሩ ውሃ እስካልቋጠረ ድረስ በበጋው መሬት ውስጥ ተኝቶ በበልግ ይነሣል።

ሀይድራንጃው ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ክፍል ነው፤ ግቢዎ ሳይጠየቅ የአፈር ምርመራ ውጤት አውጥቶ አሳይቶዎታልና። በሰማያዊውና በሮዙ አበባ ውስጥ ያለው የቀለም ንጥረ ነገር አንድ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በማንኛውም አፈር ውስጥ ሞልቶ ይገኛል፤ ነገር ግን ተክል ሊወስደው የሚችለው በውሃ ሲሟሟ ብቻ ነው፤ የሚሟሟው ደግሞ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ሟሙቶ በሥር ይገባና አበባው ላይ ደርሶ ከቀለሙ ጋር ተጣምሮ ሰማያዊ ያደርገዋል። ፒኤቹ ወደ 6.5ና ከዚያ በላይ ሲወጣ አሉሚኒየሙ አይሟሟም፤ አበባውም ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ወይን ጠጅ ነው። ሀይድራንጃውን ስትገዙ የአበባ ሻጩ ማሰሮ ውስጥ የነበረው አፈር አሲዱ ዝቅተኛ ነበር፤ እናንተ ያስመጣችሁት ቀይ አፈር ግን ለዘመናት ዝናብ ኖራውን እያጠበ የወሰደበት አሲዳማ አፈር ነው። ሲኖትራኩ ዋልካ አምጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ፤ ጥቁሩ አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ አበባው ሮዝ እንደሆነ በቀረ ነበር፤ በምትኩ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲቋጥርባችሁ ዳሊያው ይበሰብስ ነበር።

ታዲያ በአጥሩ በኩል ያለው ጎኑ ለምን ወይን ጠጅ ሆነ? ቤቱ አዲስ ነው ብለዋል። አጥሩ ሲገነባና ሲለሰን የወደቀው ሲሚንቶ፣ ከግንቡም በዝናብ የሚታጠበው፣ ኖራ ወደ አፈሩ ይለቃል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ያለው አፈር አሲዱ ረግቧል። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ሁለት ቀለም ማየት ብዙ ሰው ተመኝቶ የማያገኘው ስለሆነ እኔ ብሆን አልነካውም። ሙሉ በሙሉ ወደ ሮዝ እንዲመለስ ከፈለጉ ግን ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ በመጠኑ ዙሪያውን ነስንሰው ከአፈሩ ጋር ያዋሕዱ። ለውጡ በአንድ ሳምንት የሚታይ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት አበባ ላይ ይፈልጉት። አመድ ሲበዛ ቅጠሉን ስለሚያገረጣው በእፍኝ እንጂ በባልዲ አይሁን። የከሰል አመድ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ፕላስቲክ የተቃጠለበት ግን አይሁን።

ዱባውን በተመለከተ፣ የሚረግፉት አበቦች ወንዶቹ ናቸው። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ ወንዶቹ ቀድመው አንድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈካሉ፤ ሥራቸውም ያው ስለሆነ ይረግፋሉ። ነገ ማለዳ ሐረጉን ተከትለው ይሂዱና ከአበባው ሥር ይመልከቱ፦ ቀጭን ረጅም አንገት ብቻ ካለው ወንድ ነው፤ ከአበባው ሥር የጣት ራስ የምታህል ክብ ዱባ ካለች ሴት ናት። ሴት አበባዋም ብትሆን ንብ ካልጎበኘቻት ያቺ ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች፤ በክረምት ደግሞ ንብ በዝናብና በብርድ አትወጣም። አበባው የሚፈካው ጎሕ ሲቀድ ሲሆን እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ወንድ አበባ ይቅጠፉ፣ ቢጫ ልብሱን ገፈው መሐሉ ላይ ያለውን ዱቄት ያዘለ ዘንግ ብቻ ያስቀሩ፣ እርሱንም በሴቷ አበባ መሐል ቀስ አድርገው ያሹት። ይህን ሥራ ለልጆቹ ይስጧቸው፤ አስተናግሩን ሲነጥቋቸው ለሚመጣው ለቅሶ ካሣ ይሆናል። ዱቄቱ ጣታቸው ላይ ቢቀር ምንም አያደርጋቸውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በራሱ የበቀለ ዱባ ከምን ጋር እንደተዳቀለ አይታወቅም፤ ፍሬው ሲደርስ ጥሬውን በምላስዎ ጫፍ ቀምሰው የሚመር ከሆነ ወጥ ውስጥ አይጨምሩት፤ ያ ምሬት ሲቀቀል የማይጠፋ፣ ሆድ የሚያውክ መርዝ ነው።

ጽጌረዳው ያላበበው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግንቦት የተተከለ ጽጌረዳ የመጀመሪያ ክረምቱን ሥር ሲሰድ ያሳልፋል። ከዚያ በላይ ግን ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ዙሪያውም ቢጫ ሆኖ ከታች ጀምሮ የሚረግፍ ከሆነ፣ ፈንገስ ይዞታል። የዚህ ፈንገስ ዘር ለመብቀል ቅጠሉ ሳይደርቅ ሰባት ሰዓት ያህል መቆየት ይበቃዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቅጠል የሚደርቅበት ቀን ራሱ ጥቂት ስለሆነ መከላከሉ አስቸጋሪ ነው። የረገፈውን ቅጠል ከሥሩ ለቅመው ያስወግዱ። ዝናቡ ቀጠን ሲል፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት፣ የሞተውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚያቆጠቁጥበት ጉብታ) በላይ ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ፤ ከዚያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቁ። ኅዳር ላይ ያገኙታል።

ያልጠቀሷቸው ግን ሳይኖሩ የማይቀሩ ሁለት እንግዶችም አሉ። አንዱ የጅብ ጥላ ነው፤ ከአፈሩ ጋር የመጣ የእንጨት ስባሪ ውስጥ ውስጡን ሲበሰብስ ነው የሚወጣው፤ ለተክልዎ ጠንቅ የለውም፤ የሚበላ ዓይነት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በአካል ሳያየው ግን አይቅመሱት። ሁለተኛው ማገጥ ነው፤ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ራሱ ላይ ሐምራዊ ወይም ነጭ ትንሽ የአበባ ኳስ የሚይዝ። የማገጥ ዓይነቶች በአገራችን ደጋ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ሌላ አገር የማይገኙ አሉ። ማገጥ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ሥሩ ላይ ባሉ ትናንሽ እባጮች የሚያጠራቅም ተክል ስለሆነ፣ እንደ እርስዎ ላለ ለተዛቀ አፈር ነፃ ማዳበሪያ ነው፤ አይንቀሉት። ሰርዶና ሙጃ ግን ከአሁኑ ይውጡ፤ በእነርሱ ላይ የማዝንበት ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፦ አስተናግሩ ዛሬ፤ ሰርዶውና ሙጃው በጳጉሜን፤ የዳሊያው ድጋፍ ከቀጣዩ ከባድ ዝናብ በፊት። አደዩን፣ ኮስሞሱንና ማገጡን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ማንም አይንካቸው። አደይ ዓመታዊ ተክል ነው፤ ዘሩን ሰጥቶ ይሞታል እንጂ ከሥሩ ተመልሶ አያቆጠቁጥም። የመስቀል ወፍ ተብሎ በዓመት አንዴ ብቻ ብቅ ለሚል ሰው እንደሚቀለደው፣ አደይም የሚመጣው በየዓመቱ አንዴ ነው፤ ዘንድሮ ዘር ሳያወርድ ከተቆረጠ ግን ለከርሞ የሚመጣበት መንገድ ይጠብበታል። ለእንቁጣጣሽና ለደመራ መቅጠፍ ይችላሉ፤ ከሦስት አንዱን ይውሰዱና ሁለቱን ይተዉ።

ጥቅምት ሲያልቅ አበባው ቢጫ ልብሱን አራግፎ ራሱ ቡናማ ይሆናል። ከጠዋቱ ጤዛ በኋላ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ራሱን ወረቀት ላይ ዘቅዝቀው በጣትዎ ይምቱት፤ ጠፍጣፋና ጥቁር ግራጫ የሆነው ዘር ይወርዳል። የኮስሞሱን ዘር በመርፌ መሰል ቅጥነቱ ይለዩታል። በፌስታል ካስቀመጡት ይሻግታልና በወረቀት ፖስታ ይሁን፤ ላዩ ላይ ስሙን ይጻፉበት፤ ሰኔ ሲገባ ዘሩ ሁሉ አንድ መስሎ ይታያልና። ዝናቡ ሲጸና አፈሩን በጣትዎ ጫር ጫር አድርገው ይበትኑት፤ ሽፋኑ ከአንድ ጥፍር ውፍረት አይብለጥ።

አትክልተኛውን ግን ይጥሩት፤ ብቻውን አይተዉት። ከመምጣቱ በፊት በነበረው ማታ ቀይ ክር ይዘው ይዙሩና እንዲቀር በፈለጉት እያንዳንዱ ተክል ግንድ ላይ ያስሩ። ለአትክልተኛው «ቢጫ አበባ አትንካ» ማለት በቂ አይደለም፤ በዚህ ሰሞን አብዛኛው ገና እንቡጥ እንጂ አበባ ስላልሆነ አይለየውምና።